ስድስት ወርና ኦክቶበር 1፦ ከጎብኚነት ወደ ሥራ ቪዛ የመሻገር ታሪክ

«ለጊዜው በጎብኚ ቪዛ ትግባ፤ ከገባች በኋላ የሚቀጥራት ተፈልጎ ወረቀቷ ይቀየራል።»

ይህን ምክር በስልክ ያልሰጠ ወይም ያልተቀበለ ወገን በሰሜን አሜሪካ መኖሩን እንጠራጠራለን። ምክሩ በክፋት የሚሰጥ አይደለም። ሰጪዎቹ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው በዚያው መንገድ ያለፉ፣ ዛሬ ቤት ንብረት ያፈሩ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ታላላቆቻችን ናቸው። የሚናገሩትም እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን እነርሱ ባለፉበት ዓመት የተወሰነ ነው። ያ በር ከዚያ ወዲህ ጠብቧል፣ ሰፍቷል፣ ተዘግቷል፣ ለጥቂት ጊዜም ተከፍቶ እንደገና ተዘግቷል። የድሮውን ምክር ይዞ ሥራውን ለቆ፣ ዕቃውን ሸጦ የመጣ ሰው ደግሞ ሒሳቡ የሚገባው ካርዱ ላይ ያለው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው መተረክ ይጠቅማል ብለን አስበናል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወሮቹንም በእነርሱ ስም የጠራናቸው የኢሚግሬሽን ሰዓት በእነርሱ ስለሚቆጥር ነው።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን እንለይ። ቪዛ ኤምባሲው ፓስፖርት ላይ የሚለጥፈው ነው፤ አገልግሎቱ እስከ አየር ማረፊያው በር ድረስ ነው። ከበሩ ወዲህ ሰውየውን የሚገዛው ስታተስ የምንለው፣ ማለትም በምን ሁኔታና እስከ መቼ እንዲቆይ እንደተፈቀደለት የሚገልጸው መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ለብዙ ዘመን አይ-94 የተባለች፣ ፓስፖርት ውስጥ በስቴፕለር የምትመታ ትንሽ ነጭ ካርድ ነበረች። ከ2013 ጀምሮ በአየርና በባሕር ለሚገቡት ካርዷ ቀርታ በኮምፒዩተር ተተክታለች። ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ቪዛ የያዘ ጎብኚ በር ላይ የሚፈቀድለት እንደ ልማዱ ስድስት ወር ነው፤ የሦስት ወር ቪዛ የያዘም ቪዛው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ገብቶ ያንኑ ስድስት ወር ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ «መቀየር» የሚባለው ስታተሱ እንጂ ቪዛው አይደለም። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

ጎብኚና ነዋሪ በሕግ የተለያዩ ሰዎች የሆኑት በተለይ ከ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ወዲህ ነው። ያ ሕግ ለየአገሩ የዓመት ኮታ ቆረጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ዝቅተኛው ቁጥር፣ ማለትም በዓመት 100 ሰው ነበር። ለንግድ ወይም ለሽርሽር ለጊዜው የሚመጣ ሰው ግን ከኮታው ውጭ ነበር። ለጎብኚው በሩ የተከፈተለት ይመለሳል ተብሎ ስለታመነ ነው፤ ከመቶው ቁጥር ውስጥ ያልገባውም ስለዚሁ ነው። ጎብኝቶ ለመቅረት የፈለገ ሰው ከአገር ወጥቶ በኮታው በኩል እንደገና መግባት ነበረበት። ከ1935 ጀምሮ ቅድመ ምርመራ የሚባል አሠራር መጣ፤ ሰውየው እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ተመርምሮ ካናዳ ይሻገርና እዚያ ካለው ቆንስላ ቪዛውን ተቀብሎ ይመለሳል። ድንበሩን መርገጥ ብቻ ነበር ነገሩ፤ ሆኖም መርገጥ ግዴታ ነበር።

ይህን ጉዞ ያስቀረው የ1952ቱ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን አልፈርምም ብለው ቢመልሱትም ኮንግረስ በድምፅ ብልጫ አጸደቀው። በዚያ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 248 የሚባል አለ። በሕጋዊ መንገድ ለጊዜው የገባ ሰው፣ ሁኔታውን ጠብቆ እስከቆየ ድረስ፣ ከአገር ሳይወጣ ከአንዱ ጊዜያዊ ስታተስ ወደ ሌላው እንዲቀየርለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ከሰባ ዓመት በላይ ብዙ ነገር ሲፈርስና ሲሠራ ይህ አንቀጽ በመሠረቱ ቆሟል። «ሁኔታውን ጠብቆ እስከቆየ ድረስ» የምትለዋ ሐረግ ግን እየከበደች ሄደች።

የሥራ ቪዛውም የተወለደው በዚያው በ1952 ነው፤ ኤች ዋን ተባለ። መጀመሪያ የታሰበው ልዩ ችሎታ ላላቸውና ሥራውም ራሱ ጊዜያዊ ለሆነላቸው ሰዎች ነበር። በ1970 ሕጉ ሲሻሻል ሥራው ቋሚ ቢሆንም ሠራተኛው ለጊዜው እስከመጣ ድረስ ይበቃል ተባለ። ቁጥሩም አልተገደበም ነበር። አሠሪ የተገኘለት መሐንዲስ ወይም ሐኪም በየትኛውም ወር ሊያመለክት ይችል ነበር።

አንድ ተጨማሪ ነገር በ1976 ሆነ፤ በወቅቱ ከኢሚግሬሽን ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት ከጁላይ 1 ወደ ኦክቶበር 1 ተዛወረ። ምክንያቱ የኮንግረስ የበጀት ክርክር ጊዜ አነሰው የሚል ነበር። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ሥራ መጀመሪያ ቀናቸውን የሚቆርጥላቸው ያ የሒሳብ ሹሞች ውሳኔ ነው። (በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 መሆኑ ነው። የግሸን ማርያም ቀን ስለሆነ ስለት የሚሳል ቢኖር አይፈረድበትም።)

በእነዚያ ዓመታት የእኛ ሰው የት ነበር? በንጉሡ ዘመን ወደ አሜሪካ የመጣው ወገን በአብዛኛው ተማሪ ነበር፤ ተምሮም ይመለስ ነበር። ከ1974 በኋላ፣ በተለይም ቀይ ሽብር ሲነሣ፣ ለትምህርትም ለጉብኝትም የመጣው ሰው እንደወጣ ቀረ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ያልፋል፣ መመለስ ደግሞ ሞት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1977 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የተራዘመ የመውጫ ጊዜ የሚባል ከለላ ሰጠ። ይህ ስታተስ አይደለም፤ «ለጊዜው አናባርራችሁም፣ ሥራም መሥራት ትችላላችሁ» የሚል ምሕረት ነበር። በ1982 ከለላው ከጁን 30፣ 1980 በፊት ለገቡት ብቻ ተባለ። ከዚያች ቀን በፊትና በኋላ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ቤት ተከራይተው በሁለት የተለያየ ሕግ ይተዳደሩ ነበር ማለት ነው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ የጥገኝነት መንገድ ከፈተ፤ በ1987 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ያንን የተራዘመ ከለላ ያገኙ ኢትዮጵያውያን፣ አፍጋኖች፣ ፖላንዶችና ኡጋንዳውያን ወደ ቋሚ ነዋሪነት እንዲሻገሩ ፈቀደ። «ኧረ ግባና የሚሆነው ይሆናል» የሚለው እምነት በማኅበረሰባችን የሠረፀው በዚያ ዘመን ይመስለናል። ለነዚያ ሰዎች በእርግጥ ሆኖላቸዋል። ነገር ግን የሆነላቸው ጊዜው ያለፈበት ካርድ ጸድቆ ሳይሆን፣ አንድ መንግሥት ለአንድ አገር ሕዝብ ለተወሰኑ ዓመታት ያደረገው ውሳኔ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የ1990 ሕግ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ኤች ዋን ቢ ያቋቋመው፣ ዲቪ ሎተሪንም የወለደው ይኸው ሕግ ነው። ኤች ዋን ቢ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚጠይቅ ሙያ ነው። አመልካቹም አሠሪው ነው፤ ሠራተኛው ለራሱ ሊያስገባ አይችልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ከአሜሪካው ጋር መመጣጠኑ ተገምግሞ ይሠራል፤ መኪና ማቆሚያና ታክሲ ግን አይሆንም። ለዓመቱም 65,000 የሚል ጣሪያ ተቆረጠለት። ይህ ቁጥር በዚያን ጊዜ ማንንም አላስጨነቀም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጨርሶ አልሞላም ነበርና። ሕጉ አንድ ትልቅ ነገርም ጨመረ፦ ኤች ዋን ቢ የያዘ ሰው ለመቅረት ማሰቡ አያስጠይቀውም። ጎብኚን ግን ያስጠይቀዋል። አዲስ አበባ ኤምባሲ መስኮቱ ፊት የቆመ ሰው «እመለሳለሁ» ብሎ ማሳመን ያለበት ከዚያው ከ1952 ሕግ በወጣ ግምት ነው፤ ሕጉ ሁሉንም ሊቀር እንደመጣ አድርጎ ይጀምራል፣ ማስተባበሉ የአመልካቹ ፈንታ ነው።

እንግዲህ ከ1991 መጨረሻ እስከ 1996 ድረስ የነበሩት አምስት ዓመታት ታላላቆቻችን የሚያወሱት ወርቃማ ጊዜ ናቸው። በፌብሩዋሪ የገባ ጎብኚ እስከ ኦገስት ጊዜ ነበረው። አሠሪ ካገኘ በማርችም በጁንም ማመልከቻው ይገባል፤ ሲፈቀድም ሥራው ይጀመራል። ሁለት ሰዓት ቢኖርም ሁለተኛው ሰዓት አይታይም ነበር።

ነገሩ የዞረው በ1997 ነው። በዚያ አንድ ዓመት ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ። በሴፕቴምበር 1996 የተፈረመው ከባድ የኢሚግሬሽን ሕግ በኤፕሪል 1፣ 1997 ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ መሠረት የተፈቀደለት ቀን አልፎ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ የቆየ ሰው ከአገር ሲወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ አሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ቅጣቱ የሚወድቀው በመውጣት ላይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ስለዚህ ሰዉን ከማስወጣት ይልቅ ቆልፎ የሚያስቀር ሕግ ሆነ። ጥገኝነት ለመጠየቅም ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚል ገደብ ያኔ መጣ። ሁለተኛው ነገር፣ በዚያው ዓመት የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የ65,000ው ጣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ። ለዓመታት አፍ ያላወጣው ኦክቶበር 1 ድንገት ጮኸ፦ ያለፈው ቁጥር አልቋል፣ አዲሱን ጠብቁ።

በአንድ በኩል መጠበቅ ግዴታ ሆነ፤ በሌላ በኩል ቀን አሳልፎ መጠበቅ የአሥር ዓመት ቅጣት ያመጣል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የተሰጠ ምክር አንድ ዓይነት ቃል ቢኖረውም አንድ ምክር አይደለም።

ኮንግረስ ለጊዜው ነገሩን አላላው። የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ጩኸት አሸንፎ ጣሪያው በ1999 እና በ2000 የበጀት ዓመታት ወደ 115,000፣ ከ2001 እስከ 2003 ደግሞ ወደ 195,000 ከፍ አለ። በ2000 የወጣው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ ከእነርሱ ጋር የተቆራኙ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችንና የምርምር ተቋማትን ከጣሪያው ውጭ አደረገ። ይህ አንቀጽ ከሚገባው በታች የታወቀ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ለሚቀጠር ሰው ኤፕሪልም ኦክቶበርም የሉም፤ ማመልከቻው በማንኛውም ወር ይገባል። የካርዱ ጊዜ ሳያልቅ እንዲህ ያለ አሠሪ ያገኘ ጎብኚ የሚቆጥረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በ2001 ደግሞ ተጨማሪ 1,000 ዶላር ለከፈለ አሠሪ በ15 ቀን ውስጥ ምላሽ የሚሰጥ አገልግሎት ተጀመረ። ጊዜ በይፋ ዋጋ ወጣለት ማለት ነው።

ከዚያ ሴፕቴምበር 11 መጣ። ከጥቃቱ መሪዎች ሁለቱ፣ ሞሐመድ አታና ማርዋን አልሸሒ፣ በ2000 በጎብኚ ቪዛ ገብተው ፍሎሪዳ ውስጥ የበረራ ትምህርት ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበርም ከጎብኚነት ወደ ተማሪነት እንዲቀየርላቸው ጠየቁ። ኢሚግሬሽን በ2001 በጋ ፈቀደላቸው። የፈቃዱ ማስታወቂያ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ የደረሰው ግን በማርች 11፣ 2002 ነው፤ ሰዎቹ ከሞቱ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ከጨረሱ ልክ በስድስተኛው ወር። አገሩ በቁጣ ነደደ። በአንድ ወር ውስጥ፣ በኤፕሪል 12፣ 2002፣ ጎብኚ ስታተሱ ሳይቀየር ትምህርት እንዳይጀምር የሚከለክል ደንብ ወጣ። በዚያው ቀን ሌላ ረቂቅም ቀርቦ ነበር፦ የጎብኚ ስድስት ወር ቀርቶ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልገው ማስረዳት ላልቻለ ሰው 30 ቀን ብቻ ይሰጥ የሚል። የቱሪዝም ነጋዴዎችና በእንግድነት የሚመጡ ወላጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ተቃወሙ፤ ረቂቁ ደንብ ሳይሆን ቀረ። እናቶቻችን ለአራስ ጥየቃ መጥተው ክርስትና አንሥተው የሚመለሱባት ስድስት ወር የተረፈችው በዚያ ነው። አይ.ኤን.ኤስ. ራሱ አልተረፈም፤ በማርች 2003 ፈርሶ ሥራው ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተሰጠ።

የ195,000ው ጣሪያ በ2003 ሲያበቃ ቁጥሩ ወደ 65,000 ተመለሰ። በ2004 በወጣ ሕግ በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20,000 ተጨመረ። ማመልከቻ ሥራው ከሚጀመርበት ቀን ከስድስት ወር በፊት መቀበል ስለማይቻል፣ ለኦክቶበር 1 የሚገባው ሁሉ ኤፕሪል 1 ላይ መደርደር ጀመረ። በ2005 ቁጥሩ እስከ ኦገስት 10 ቆየ። በ2006 እስከ ሜይ 26 ብቻ። በ2007 ግን በመጀመሪያው የማመልከቻ ቀን፣ በኤፕሪል 2፣ ከጣሪያው በላይ ሞላና ዕጣ ተጣለ።

ሒሳቡን አሁን እንሥራው። አንዲት ጎብኚ ለገና መጥታ በዲሴምበር 10 ገባች እንበል። ካርዷ እስከ ጁን 9 ነው። አሠሪ አግኝታ ኤፕሪል ላይ ማመልከቻ ገባላት፣ ዕጣውም ወጣላት። ሥራው የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፤ ከጁን 9 እስከዚያ ያለው ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጊዜ ድልድይ የለውም። የጉብኝት ማራዘሚያ መጠየቅ ትችላለች፤ መርማሪው ግን «ጉብኝትሽ አላለቀም ወይስ ሥራ እየጠበቅሽ ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ማራዘሚያው ካልተሳካ አሠሪዋ ያቀረበው ማመልከቻ ቢፈቀድም የስታተስ ለውጡ ይከለከላል፤ ወጥታ ኤምባሲ ሄዳ በኤች ዋን ቢ ቪዛ እንደገና መግባት አለባት ማለት ነው።

ታዲያ ስድስት ወሩ ከኦክቶበር 1 ጋር የሚገጥመው መቼ ለገባ ሰው ነው? ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ለገባ። ኤፕሪል 1 ገብቶ እስከ ሴፕቴምበር 30 የተፈቀደለት ሰው በማግሥቱ ሥራ ይጀምራል። ነገር ግን ይህ ሰው ገና አገሩ ሳለ አሠሪው ማመልከቻ እያዘጋጀለት፣ በበሩ ላይ «ለጉብኝት ነው» ብሎ የገባ ሰው ነው። ቀኑ የሚገጥመው ቃሉ በማይገጥምበት ቦታ ብቻ መሆኑ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የዚህ ሕግ ትልቁ እንቆቅልሽ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለረጅም ጊዜ የ30 እና የ60 ቀን የሚባል መለኪያ ነበረው፤ በሴፕቴምበር 2017 በ90 ቀን ተካው። በ90 ቀን ውስጥ ከገባበት ዓላማ የሚቃረን ነገር ያደረገ ሰው ሲገባ አታሏል ተብሎ ሊገመት ይችላል። ማታለል ደግሞ የዕድሜ ልክ እገዳ ያስከትላል። ሥራ መፈለግና ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ለጎብኚ የተፈቀደ መሆኑን ዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ. በ2023 በይፋ ገልጿል፤ የተከለከለው ለውጡ ተፈቅዶ ሥራ ላይ ሳይውል መሥራት ነው። በቤት ውስጥ በጥሬ ገንዘብ የሚሠራ የሁለት ሳምንት ሥራም ሥራ ነው፤ «ሁኔታውን ጠብቆ» የምትለዋን ሐረግ ይሰብራል።

ለተማሪዎች ድልድይ ተሠርቶላቸዋል። በኤፕሪል 2008 በወጣ ደንብ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ኤች ዋን ቢ ከተጠየቀለት እስከ ኦክቶበር 1 ጊዜው በራሱ ይራዘማል፤ ከጃንዩዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ እስከ ኤፕሪል 1 ሊደርስ ይችላል። ጎብኚን ያስታወሰው የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪው ኮሌጆችና ኩባንያዎች የሚከራከሩለት ሰው ነው፣ ጎብኚ ግን ጠበቃው ዘመዱ ብቻ ነው።

ስለ አውሮፓ ዘመዶቻችንም አንድ ቃል። የስዊድን ወይም የጀርመን ፓስፖርት ያለው የአክስታችን ልጅ ኤምባሲ ደጅ ሳይጠና ለ90 ቀን ይገባል። ያለ ቪዛ መግቢያው በ1986 ሕግ ሲፈቀድ ግን ዋጋ ተቆርጦበታል፦ በዚያ መንገድ የገባ ሰው በአንቀጽ 248 ስታተሱን መቀየር አይችልም። አዲስ አበባ ላይ ተሰልፎ የጎብኚ ቪዛ ያገኘው ወንድሙ ይችላል። የበለጠ የተከበረው ፓስፖርት እዚህ ላይ ያነሰ መብት ይሰጣል፤ ይህን ሳያውቁ የመጡ ጥቂት አይደሉም።

ሁለቱ ሰዓቶች እንደገና የተገናኙባቸው ሦስት መከሮችም ነበሩ። የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ አሠሪውን ሲያስፈራው ጣሪያው ሳይሞላ ቆየ፦ በ2009 እስከ ዲሴምበር 21፣ በቀጣዩ ዙር እስከ ጃንዩዋሪ 26፣ 2011፣ ከዚያም እስከ ኖቬምበር 22፣ 2011። በነዚያ ወራት ጎብኚ እንደ 1990ዎቹ በፈለገው ቀን ማስገባት ይችል ነበር። ግን ማን ይቀጥረዋል? በሩ የተከፈተው ሥራው ስለጠፋ ነበር። በ2013 ኢኮኖሚው ሲያገግም ጣሪያው በአምስት ቀን ሞልቶ ዕጣው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀረም። ከ2020 ጀምሮ ማርች ላይ በኮምፒዩተር ምዝገባ ሆነ፤ መመዝገቢያው 10 ዶላር ነበር፣ በ2025 ወደ 215 ዶላር ወጣ። በ2023 ምዝገባው 780,884 ደረሰ። አንድን ሰው ብዙ ኩባንያ እያስመዘገበው ዕድሉን ማብዛቱ ሲታወቅ በ2024 ዕጣው በሰው እንዲቆጠር ተደረገ፤ በ2025 ምዝገባው ወደ 343,981 ወረደ። በዲሴምበር 2025 በወጣ ደንብ ደግሞ ደመወዙ ከፍ ላለ ሰው የተሻለ ዕድል የሚሰጥ አወጣጥ ተወሰነ።

አሁን መጀመሪያ ወዳልነው ልዩነት እንመለስ። ስታተሱ የተቀየረለት ሰው ፓስፖርቱ ውስጥ ያለው አሁንም የጎብኚ ቪዛ ነው። አገር ቤት ሄዶ ለመመለስ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀርቦ የሥራ ቪዛ ማስመታት አለበት። ከዚህ የባሰው ግን ከመፈቀዱ በፊት መውጣት ነው። ማመልከቻው እየታየ ከአገር የወጣ ሰው የስታተስ ለውጥ ጥያቄውን እንደተወው ይቆጠራል። እናት ታመመች ተብሎ በሌሊት ስልክ ሲደወል ይህን የሚያስብ ማን ነው? በእኛ ዘንድ ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አንነግርም። በየከተማው ፎርም የሚሞሉ፣ ጠበቃ ያልሆኑ «አዋቂዎች» ገንዘቡን ሲቀበሉ ይህችን ነጥብ የማይናገሩት ለምን እንደሆነ ግን እነርሱው ቢመልሱ ጥሩ ነበር።

በ2025 መውጣት የበለጠ ከበደ። በጁላይ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ተደረገ። በሴፕቴምበር 19 ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ የኤች ዋን ቢ ሠራተኛ አሠሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል የሚያዝ አዋጅ ተፈረመ፤ ከሴፕቴምበር 21 ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ወር የሚጸና ሆኖ። ለአንድ ወር ያህል ጎብኚውንም ይመለከት እንደሆነ ጠበቆች ሲከራከሩ ከረሙ። ዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ. በኦክቶበር 20 ማብራሪያ ሰጠ፦ ማመልከቻው ሲገባ በአሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ ሁኔታ ላለና የስታተስ ለውጡ ለተፈቀደለት ሰው ክፍያው የለም፤ ለውጡ የተፈቀደለት ሰው በኋላ ወጥቶ በዚያው ፈቃድ ቪዛ ቢያስመታም አይከፈልበትም። የካርዱ ቀን አልፎ ለውጡ የተከለከለበት፣ ወይም ውሳኔው ሳይሰጥ ከአገር የወጣ ሰው ግን ከውጭ እንደሚመጣ ይቆጠራል። ለእርሱ የሚጠየቀው መቶ ሺሕ ዶላር ነው።